ሙላቱ ሳር የያዘ ዕለት

መርሳ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ያረጀ የመኪና ጎማ በእንጨት ላይ የተሰቀለበት ቤት ነበር። የባለቤቴ የሙላቱ ቤት ነው፤ ጎሚስታ ነበር። እኔ ያኔ ብርቱካንና ፓፓያ በዘንቢል ይዤ በአውቶቡስ መስኮት እያቀበልኩ የምሸጥ ልጅ ነበርኩ። ፀሐይ ሲበረታብኝ እሱ ደጃፍ ካለው ጥላ ሥር ቁጭ እላለሁ። አንድ ቀን "ጥላው እንዲሁ አይገኝም" አለኝ። ምን ልስጥህ ብለው "ሁለት ብርቱካን" አለ። ሦስት ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላረዝመውም፤ ተጋባን፣ ወለድን፣ ትርንጎ የምትባለው ልጃችን አሁን ወልድያ ትኖራለች።

ሙላቱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ዓመሉ ግን ሰው ይስብ ነበር። የተጣላ ሰው ወደሱ ሲመጣ ሥራውን አያቆምም፤ እጁ ጎማው ላይ፣ ጆሮው እነሱ ጋ። ሁለቱም ተናግረው ተናግረው ሲደክማቸው ቀና ይልና "እንግዲህ ጨረሳችሁ?" ይላል። ያን ጊዜ የሚናገራት አንዲት ቃል ታስታርቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ከመርሳ እስከ ግራና የታወቀ ሽማግሌ ሆነ። የግራናው ጀብሪል የሽምግልና ጓደኛው ነው። አንዱ ክርስቲያን አንዱ እስላም፣ ግን ዕርቅ ሲሆን ተነጣጥለው አይሄዱም።

ሕመሙ የጀመረው ሽንቱ ሲቀላ ነው። እኔ ልብሱን ሳጥብ አይቼ ስጠይቀው "የፀሐይ ነው፣ ውሃ አልጠጣሁ" አለኝ። ወራት እንዲያ ብሎ ካሳለፈ በኋላ ትርንጎ እየጎተተች አዲስ አበባ ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ካንሰር ነው ተባለ። የሽንት ፊኛውን ጨርሰው አወጡና ከገዛ አንጀቱ ቆርጠው፣ እንደ ከረጢት ሰፍተው፣ በቦታው አዲስ ተከሉለት። እኔ ይህን ስሰማ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር።

ተሽሎት ሲመለስ ጀብሪል ሊጠይቀው መጣ። "አየህ ሙላቱ" አለው፣ "አንተ የሰው ጎማ በቁራጭ ላስቲክ ስትለጥፍ ኖርክ፣ ሐኪሞቹ ደግሞ አንተን በገዛ አንጀትህ ለጠፉህ። ማስቲሹን ግን አየኸው?"

"ስንት ዓመት ይቆያል ብዬ ጠይቄ ነበር" አለ ሙላቱ፣ "ዋስትና አልሰጡኝም።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሐኪሙ ያለውን የሰማሁት እኔ ነኝና። ሐኪሙ እንዲህ ነው ያለው፦ የድሮው ፊኛ ሲሞላ ይጠራው ነበር፤ ይህ ግን አይጠራም። አንጀት ነው፣ ሽንት አያውቅም። ስለዚህ በሰዓት ነው የሚለቀቀው፤ መጣ አልመጣ ብሎ መጠበቅ የለም። ቁጭ ብሎ፣ ሆዱን በእጁ ጫን አድርጎ። ቢረሳ ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ሳይታወቀው።

ሙላቱን ያሳፈረው ቁጭ ማለቱ ነው። ወንድ ልጅ ቆሞ ነው የሚሸናው በሚባልበት አገር፣ ሰው እንዳያየው ቁልቋል ለቁልቋል ይዞር ነበር። ኦፕራሲዮን መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ምን እንደተደረገ የምናውቀው ግን እኔ፣ ትርንጎና ጀብሪል ብቻ ነን። "አንዲት ቃል ከአፍሽ ብትወጣ ተለያየን" አለኝ። አውቀዋለሁ፣ አይለየኝም፤ ግን ዝም አልኩ።

ለምርመራ ተመለስ ተብሎ ነበር። ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ደህና ነኝ ብሎ ቀረ። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ትኩሳት እየተመላለሰ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ምግብ አስጠላው፣ ሲራመድ ጉልበቱ ይከዳዋል። ወልድያ ወሰድነው። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ለዛ አለው። በአልትራሳውንድ አየውና ወደ እኔ ዞረ፤ እሱ ምክር እንደማይሰማ የገባው ይመስለኛል።

"እናቴ፣ ከረጢቱ እየቆየ ሰፍቷል፣ ግድግዳውም ሳስቷል። ሸናሁ ሲል ግማሹ እዚያው ይቀራል። አንጀት ስለሆነ ንፍጥ የመሰለ ነገር ያመነጫል፣ እሱም መውጫውን ይደፍነዋል። የቀረው ሽንት ወደ ላይ እየተመለሰ ኩላሊቱን እየጎዳው ነው። ከእንግዲህ በዚህ ቱቦ ነው የሚያወጣው። ሞልቶ እንዳይቆይ። ሞልቶ ከቆየ ሊቀደድ ይችላል፤ ከተቀደደ ሰዓት አይሰጥም።"

ቀጭን ቱቦውን እንዴት በንጹሕ እጅ እንደሚያስገባ አስተማረው። ትርንጎ ሰዓቱ ሲደርስ እንዲጮህ ስልኬን ሞላችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱቦው በእኔ ቦርሳ፣ ስልኩ በእኔ ጡት ሥር ሆነ። ሥራዬ እሱ ሆነ።

የግራናው ጉዳይ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

የመስኖ ውሃ ተራ ላይ ሁለት ጎልማሶች ተጣሉና አንዱ አንዱን በአካፋ መታው፤ የተመታው ሞተ። የሟች አባት አያ ሲራክ ናቸው። ገዳዩ እጁን ሰጥቶ ታሰረ፤ ታላቅ ወንድሙ ማሩ ግን ባጃጁን አቁሞ፣ ከቤት መውጣት ፈርቶ ተቀመጠ። የአያ ሲራክ ሌላው ልጅ ቂም ይዟል ይባላል። ሽማግሌ ቢላክም አያ ሲራክ እንቢ አሉ። አንድ ጊዜ እሺ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ በመሐል የተቀመጠው ሽማግሌ ስልክ ተደውሎለት ሳሩን እንደያዘ ብድግ አለ። አያ ሲራክም ብድግ ብለው ሄዱ።

በእኛ አገር ወጉ እንዲህ ነው። የመሐል ሽማግሌ የሚባለው ለምለም ሳር በእጁ ይይዛል። የበዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጫማውን አውልቆ ይንበረከካል። የተበዳይ አባት "አውርዱ" እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። ካለ በኋላ ሽማግሌው ሳሩን ለሁለት ይከፍልና ለሁለቱም ወገን ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ይነሣል። ሳሩን እንደያዘ ከተነሣ ግን ጉባኤው ፈረሰ፣ ደሙም እንደነበረ ይቀራል። ሳር የያዘ አይነሣም ይባላል።

አያ ሲራክ ለሁለተኛ ጊዜ እሺ ያሉት "ሙላቱ ጎሚስታው መሐል ከተቀመጠ" ብለው ነው።

"አትሄድም" አልኩት።

"ሬሳ በሬሳ ላይ ሊጨመር ነው፣ የሺእመቤት።"

"አንተስ?"

"ልክ ከመቀመጤ በፊት አወጣዋለሁ። ከምሳ በፊት ያልቃል። ሲራክ እሺ ብሏል እኮ፣ የቀረው ወጉ ነው።"

ጀብሪልም እኔን አግዞ ተቆጣው። "ወላሂ እኔ ልቀመጥ፣ አንተ ከጎኔ ሁን" አለው።

"አንተን ቢፈልግ አንተን ይጠራ ነበር" አለ ሙላቱ። ጀብሪል አኮረፈ፤ ግን መጣ።

ከግራና ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ወንዶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እኛ ሴቶቹ ራቅ ብለን፣ የሁለቱም ወገን ለየብቻ። ሙላቱ ከቁልቋሉ ጀርባ ወርዶ በቱቦው አውጥቶ መጣ፤ ቱቦውን መልሶ ሰጠኝ፣ መሐል ገብቶ ተቀመጠ፣ ሳሩን ያዘ። ማሩና ዘመዶቹ ድንጋያቸውን ተሸክመው መጥተው ተንበረከኩ።

አያ ሲራክ ዝም አሉ።

ይህ እንደ ወጉ ነው፤ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ሐዘን ነውና። ሽማግሌዎቹ በየተራ ለመኑ። ጀብሪል ዱዓ አደረገ፣ ቄሱ ጸለዩ። አያ ሲራክ በትራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ወንዙን ያያሉ። ፀሐይዋ ከዋርካው ጥላ ወጥታ የማሩ ጀርባ ላይ አረፈች፤ ላቡ በድንጋዩ ላይ ሲንጠባጠብ ካለሁበት ይታየኝ ነበር። ውሃ በቅል መጣ። የመሐል ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን ቅል መጠጣት አለበት፤ ሙላቱ ጠጣ። ደግሞ ዞሮ መጣ፣ ደግሞ ጠጣ። እያንዳንዱ ጉንጭ ወዴት እንደሚሄድ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስልኬ ጮኸ።

አፈንኩት። ጀብሪል ሰምቷል፣ ዘወር ብሎ አየኝ። ሙላቱም ሰምቷል፣ አላየኝም። ከአጠገቤ የነበረችው የማሩ ሚስት "ማነው የሚደውለው?" አለችኝ። "ልጄ ናት" አልኳት።

ጥላው ዞረ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሙላቱ አንድ እጁን ከጋቢው ሥር ከቶ ሆዱን ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ጀብሪል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳለና በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ያ ጀማዓ፣ የሰላት ሰዓት ደርሷል፤ ሁላችንም ጥቂት ተነሥተን ብንመለስ ነውር አይደለም" አለ።

አያ ሲራክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። "አንተ ሂድና ስገድ ጀብሪል። ማን ከለከለህ? መሐል ያለው ግን ክርስቲያን ነው።"

አንዳንዶች ሳቅ አሉ። ጀብሪል ተመልሶ ተቀመጠ።

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። ትርንጎ ናት የሞላችው፤ ካልሰማሽ ብላ ደግማ እንዲጮህ አድርጋዋለች። በዚህ ጊዜ አላፈንኩትም። እየጮኸ ይዤው ተነሣሁ። ሴት ወደ ደም ጉባኤ አትገባም፤ ግን እግሬ ሄደ። ነጠላዬን ከአንገቴ አውርጄ ከክቡ ጠርዝ ላይ ተንበረከክሁ።

"ወዴት ነሽ አንቺ?" አለ ሙላቱ። ድምፁ ቀጥኗል።

"ዕርቅ ላፈርስ አልመጣሁም" አልኩ፤ ለእሱ ሳይሆን ለአያ ሲራክ። "አያ ሲራክ፣ ባለቤቴ የሽንት ፊኛ የለውም። ካንሰር ወስዶታል። በአንጀት ነው የተሠራለት፤ በሰዓቱ ካልወጣለት ውስጡ ይፈነዳል። ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል።"

ከወጣቶቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ ቄሱ አዩትና ተወው። ሙላቱ ዓይኑን ጨፈነ። በኑሯችን እንዲያ አሳፍሬው አላውቅም።

"እውነት ነው?" አሉ አያ ሲራክ።

"ሴት ወሬ ታበዛለች" አለ ሙላቱ። "እኔ ተቀምጫለሁ። እርስዎ የሚሉትን ይበሉ።"

"ሙላቱ፣ እውነት ነው ወይ?"

ጀብሪል ነው የመለሰው። "ወላሂ እውነት ነው።"

አያ ሲራክ ሙላቱን አዩት። "ተነሣ አልለውም" አሉ፤ "ወጉ ወግ ነው፣ አንዴ ፈርሷል።" ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው እሳቸው ብድግ አሉ። ወደ ማሩ ሄዱ፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ አነሡና መሬት አደረጉት። "አውርዱ። በእኔ ዝምታ ሰው ሞተ አይባልም።"

ሙላቱ ሳሩን ከፈለ። ግማሹን ለአያ ሲራክ፣ ግማሹን ለማሩ ሰጠ፤ ሊነሣ ሲል ግን ጉልበቱ እንቢ አለው። ጀብሪልና እኔ ደግፈን ከቁልቋሉ ጀርባ ወሰድነው። ቱቦውን አስገባ። ምንም የለም። ጥቂት ንፍጥ መጣና ቆመ። አውጥቶ አጥቦ ደግሞ አስገባ፤ ምንም። ሆዱ ከእምብርቱ በታች እንደ ከበሮ ጠጥሯል።

"ተደፍኗል" አለኝ፣ ልክ ስለ መኪና እንደሚያወራ ሁሉ።

ማሩ ባጃጁን አስነሣ። ሙላቱን መሐል አስቀምጬ ስገባ በወዲያ በኩል አያ ሲራክ ገቡ። "እርስዎ ይቅሩ፣ ይደክምዎታል" አልኳቸው። "ሳር የተቀበሉ ሰዎች አብረው እህል ሳይቀምሱ አይለያዩም" አሉ። "እሱ ሲሻለው እንበላለን።" ጀብሪል በኋላ እደርሳለሁ ብሎ ቀረ። እንዲህ ሆኖ የሟች አባት ከገዳዩ ወንድም ጀርባ ተቀምጠው ሄድን። ማሩ በመስታወቱ ያያቸዋል፤ እሳቸው ያስተዋሉት አይመስሉም።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። በየጉድጓዱ ሙላቱ ትከሻዬን ጨምድዶ ይይዛል፣ ድምፅ አያወጣም። "ቀስ በል ማሩ" እላለሁ፤ ደግሞ ወዲያው "ፍጠን" እላለሁ። ማሩ የቱን እንደሚሰማ ጨነቀው። መርሳ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ባጃጁ ከአንድ ጉድጓድ ሲወጣ፣ ሙላቱ "እ..." ብሎ ተንፍሶ እጁ ከትከሻዬ ላላ።

"ምነው?"

"ቀለለኝ" አለ። ግንባሩን በጋቢው ጠረገ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውጥረቱ ለቀቀኝ።"

ተመስገን አልኩ። የማሩም ትከሻ ወረደ። አስፋልቱ ዳር ደርሰን፣ ቤታችን ከዚያ ይታያል፣ ሙላቱ "ቤት አውርዱኝ" አለ። "ትንሽ ልተኛ። ሲነጋ ወልድያ እሄዳለሁ።" እኔም እውነቱን ልናገር፣ ላወርደው ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ እሱም መልኩ መለስ ያለ መሰለኝ።

አያ ሲራክ ግን እጃቸውን የማሩ ትከሻ ላይ አደረጉ።

"አትቁም" አሉ።

"አባቴ፣ ቀለለኝ እያሉ እኮ ነው" አለ ማሩ።

"ልጄም እንዲሁ ነው ያለኝ። ራሱን ተመቶ ስወስደው፣ እዚችው መንገድ ላይ፣ አባቴ ቀለለኝ፣ ቤት እንመለስ አለኝ። መለስኩት።" ድምፃቸው አልተለወጠም። "አትቁም አልኩህ።"

ማሩ ባጃጁን መናኸሪያው አጠገብ አስገባና ሮጦ አንድ ሚኒባስ አስቆመ፤ ተሳፋሪውን ለምኖ የኋላውን ወንበር አስለቀቀ። ወደ ወልድያ ስንወጣ ሕመሙ ተመለሰ፣ ግን ሌላ ሕመም ነው። ቀድሞ አንድ ቦታ ነበር፣ አሁን ሆዱን ሁሉ ያዘው፤ እስከ ትከሻው ወጣ። እንደ ወባ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ደውዬላት ነበርና ትርንጎ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ በቃሬዛ ጠበቀችን።

ያ ወጣት ዶክተር እዚያው ነበር። ቱቦ አስገብቶ በጨው ውሃ ሲያጥበው ወፍራም ንፍጥ ወጣ፤ ሽንት ግን ጥቂት ብቻ ነው። ይህን ያህል ሰዓት የተጠራቀመው የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁት። አልትራሳውንዱን ሆዱ ላይ እያንሸራተተ ቆየና "እዚህ ነው" አለኝ፤ "ሆዱ ውስጥ ፈሷል። ተቀድዷል።"

"ቀለለኝ ብሎ ነበር" አልኩት።

"መቼ?"

"መርሳ ልንገባ ስንል።"

"ያን ጊዜ ነው የተቀደደው እናቴ። የቀለለው ለዚያ ነው። ተኝቶ ቢያድር ኖሮ አይነጋለትም ነበር።"

ዘወር ብዬ አየሁ። አያ ሲራክ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰምተዋል። ሳሩ አሁንም በእጃቸው ነው፣ ጠውልጓል።

ኦፕራሲዮኑ ደሴ ነው ተባለ። ጉሉኮስ ተክለውለት፣ አምቡላንስ ውስጥ አስገብተውት፣ በመጣንበት መንገድ ተመለስን፤ መርሳን፣ ቤታችንን አልፈን። መንገዱን ሁሉ ስሙን እየጠራሁ አነጋገርኩት። አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከጎማ ጋር ያወራል፤ "ንፋሱን ቀንስ፣ ቀንስ" ይላል። ደሴ ሲያስገቡት እጁን ከእጄ ያስለቀቀችው ነርሷ ናት።

ሰፉለት። ሆዱን አጠቡ። ትኩሳቱ እስኪወርድ ይኖራል አይኖርም የሚል ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠይቅም ነበር። ዓይኑን በደንብ የገለጠው አያ ሲራክና ማሩ ሊጠይቁት የመጡ ዕለት ነው። ማሩ ከኋላ ቆሟል፣ አያ ሲራክ አልጋው ጫፍ ተቀመጡ።

"አብረን እህል አልቀመስንም" አሉት። "ማሩን እስካሁን ልለየው አልቻልኩም፤ ያንተን መብላት እየጠበቅን ነው።"

ሙላቱ ከንፈሩ ደርቋል። "ያን ዕለት" አለ፣ "የሺእመቤት ባትገባ እስከ ማታ እቀመጥ ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ አያ ሲራክ። "እኔም እስከ ማታ ዝም ልል ነበር።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እኔ ምን ልበላቸው? አንዱ ሊሞት፣ አንዱ ሊገድል ተስማምተው የተቀመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ደግ ሰዎች ናቸው። ነርሷ ቱቦውን ልታጥብ መጣችና ወንዶቹን ውጡ አለች። ማሩ ወጣ። አያ ሲራክ ግን "እንዴት እንደሚደረግ ልይ" አሉ። ሙላቱ ይከለክላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት የሸሸገውን። አልከለከለም። ብርድ ልብሱን ራሱ ገለጠ።

ኩላሊቱ እንደ ድሮው አይሆንም ብለውናል። ጎሚስታውን ዘግተነዋል። ግራና ግን አሁንም ይጠሩታል፤ ይሄዳል፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። መሐል አይቀመጥም፤ መሐል የሚቀመጠው ጀብሪል ነው። ጀብሪልም ሳሩን ከመያዙ በፊት ተነሥቶ "ሽማግሌዎች፣ ሽንት ያለው፣ ስኳር ያለው፣ ወገብ ያለው አሁኑኑ ይናገር፤ እኔ በሰው ነፍስ አልጠየቅም" ይላል። እንዲህ ባለ በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቄሱ ተነሥተው ወደ ቁልቋሉ ሄዱ፤ ተከትለው አንድ፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ሄደ። ሙላቱ ቦርሳዬን ተቀበለኝና መጨረሻ ላይ ተሰለፈ።